እንደገና ይግቡ የሚለው ማሽን

እኔ የምለው፣ ሰው አንድን ጥያቄ ስንት ጊዜ ቢጠየቅ ነው የሚቆጣው? እንደ አገሩ ነው መሰለኝ። እኛ ጋ ቶሎ አይቆጣም። ባለፈው ቡታጅራ ገበያ መሐል አንድ የማውቀው ሰው አገኘሁ። ደህና ነህ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። እንዴት ነህ አለኝ። ደህና። ልጆች ደህና? ደህና። ቤተሰብ ደህና? ደህና። ከብቱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ተደናገርኩ። ወልቂጤ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ እንኳን ከብት ድመት የለኝም። ግን ምን ይባላል? ከብቱም ደህና ነው አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አንተስ ደህና ነህ?

ሰውየውን ላማው ፈልጌ አይደለም። የእኛ ሰው ሲጠየቅ የመመለስ ትዕግስቱ እስከ የት እንደሆነ እንድታውቅልኝ ነው። ይኸው ትዕግስት ነው አንዲት ነርስን ጉድ ሊሠራት የነበረው። ቆሼ የምትባል የእኛው አካባቢ ከተማ በሽተኛንም አብሮ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገርህ። ክሊኒኮች ያሉት አንድ የልማት ማኅበር ውስጥ፣ ወልቂጤ ቢሮ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በትንሽ ከተማ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሞተ ስልክ ይመጣልሃል። ድምፅ እምቢ ያለው ቴሌቪዥን ይመጣልሃል። አንዴ የልብስ ስፌት መኪና ተሸክመው መጥተው፣ ይኼ የእኔ አይደለም ብላቸው፣ በመብራት ነው እኮ የሚሠራው ብለው ተቀየሙኝ። ሠራሁት እንዲያውም። የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም፤ ይኼ አመሌ ነው።

ክሊኒኮቻችን አንዱ አረቅጥ፣ አንዱ ቡኢ፣ አንዱ ቆሼ፣ ሌሎቹም በየወረዳው ናቸው። ወር ሲያልቅ እያንዳንዱ ክሊኒክ ስንት በሽተኛ እንዳየ ኢንተርኔት ላይ ባለው የሪፖርት ሲስተማችን ያስገባል። መድኃኒት የሚጫነው በዚያ ቁጥር ነው። የጻፍከውን ያህል ይመጣልሃል። ሲስተም ላይ ያልገባ በሽተኛ እንደሌለ ይቆጠራል። ቀላል አሠራር ነው። ቀላል ይመስለን ነበር ልበል እንጂ።

ቆሼ ቆላ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወባው ይነሳል። እና የቆሼው ክሊኒክ የወባ መድኃኒት ወሩ ሳይጋመስ እያለቀ አስቸገረ። ክሊኒኩን የምትመራው ሲስተር ነስራ የምትባል ነርስ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስልክ ስታነሳ ከሰላምታው በፊት ቢስሚላህ የምትል ሴት። መድኃኒቱ ሲያልቅባት በሽተኛውን ቡታጅራ ሂዱ እያለች ትልካለች። ትኩሳት የያዘው ልጅ አዝሎ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን እንደሆነ የጠበቀ ያውቀዋል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክፍሌ ደግሞ ወልቂጤ ቢሯቸው ሆነው ሪፖርቱን ያያሉ። የቆሼ በሽተኛ ትንሽ ነው። እንዲያውም ከወር ወር እየቀነሰ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ የት ነው የሚገባው?

አቶ ክፍሌ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሰው ናቸው፤ ጠረጠሩ። አንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርገው፣ ነገሩ በጓሮ በኩል እየወጣ ይሆን እንዴ ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ። ለእኔ ምን ይነግሩኛል? የእኔ ሥራ ገመድ መሰካት ነው ብዬ ወጣሁ። ግን ከሆዴ አልወጣም። አንዲት ነርስ ሳታውቀው ስሟ እየቆሸሸ ነው፤ በሽተኛ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አረቅጥ ልውሰድህ። ከቆሼ ጋር ምን አገናኘው እንዳትለኝ፤ ይገናኛል። አረቅጥ የሄድኩት ፕሪንተር ልሠራ ነው። አረቅጥ ብርድ ነው። ሪፖርት የሚያስገባው ጤና መኮንን ከነጩ ጋዋን በላይ ጋቢ ደርቦ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ስሙን ጻፈ፣ ፓስዎርዱን ጻፈ፣ ገባ። አንድ ቦታ ነካ ሲያደርግ ሲስተሙ «እባክዎ እንደገና ይግቡ» አለው። ስሙን ጻፈ፣ ፓስዎርዱን ጻፈ። ሌላ ቦታ ነካ። እባክዎ እንደገና ይግቡ። ጻፈ። ፊቱ ላይ ምንም ነገር የለም። ጋቢውን እንኳ አላስተካከለም።

ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩት። አዲሱ ሲስተም ከመጣ ጀምሮ ነው አለኝ። ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም? ገረመው። ምኑን? ይጠይቀናል፣ እንመልሳለን፤ በቃ። እንዲያውም ጨዋ ነው አለኝ፤ ስለ ማሽኑ ነው የሚያወራው። የድሮው እኮ ዝም ብሎ ነበር የሚዘጋብን፣ ይኼኛው እባክዎ ይላል።

አየህ? ሌላ አገር ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ስልክ ይጨናነቅ ነበር። እኛ ማሽኑ ሰላም የሚለን መስሎን ወራት ሙሉ እግዚአብሔር ይመስገን ስንለው ከረምን።

ወልቂጤ ተመልሼ ክሊኒኮቹ ጋ ደወልኩ። ጉድ ነው የሰማሁት። ሁሉም ጋ ይጠይቃል። ሁሉም ደግሞ የራሱን መድኃኒት አዘጋጅቷል። ቡኢ ያለችው መዝጋቢ ፓስዎርዱን በዝግታ ነው የምትጽፈው፤ ስትቸኩል ማሽኑ አይሰማኝም ብላ ነው። አንዱ በየሳምንቱ ይቀይረዋል፤ ማሽኑ አሮጌ ፓስዎርድ ይሰለቸዋል ብሎ ነው። አንዷ ክሊኒኩ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው ካለ ታስቆማለች። አትሳቅ። እኔም ከእነሱ አልሻልኩም። አጥፍቼ አበራሁት። ገመዱን ቀየርኩት። የማሽኑን ሰዓት አስተካከልኩ። ቢሮ ሆኜ ስሞክረው አንዳንዴ ይጠይቀኛል፣ አንዳንዴ አይጠይቀኝም። ይኼኔ የእኛ ሙያ ሰው የሚሸሸግባት አንዲት ቃል አለች፤ ኔትወርክ ነው ይላል። ኔትወርክ ነው አልኩ።

አቶ ክፍሌ ግን ነገሩን በስልጠና እንፍታው አሉ። ስለ ፓስዎርድ አያያዝ ስልጠና ቡታጅራ ተዘጋጀ። አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ ቀትር ላይ ክትፎ። ሰልጣኞች በጣም ረክተው ተመለሱ። ከስልጠናው በኋላ ፓስዎርዱን ሥርዓቱን ጠብቀው መጻፍ ጀመሩ። ማሽኑም ሥርዓቱን ጠብቆ እንደገና መጠየቁን ቀጠለ።

ታዲያ አንድ ቀን ወልቂጤ መብራት ጠፋ። ይኼ ዜና አይደለም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ ይኼም ዜና አይደለም። ሲስተሙን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለበት ክፍል ፀጥ አለ። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ከተቀመጥኩ ብዙም ሳይቆይ ከድር ደወለ። ከድር ቡታጅራ ቢሮ ያለው ባልደረባዬ ነው፤ የዚያን ጫፍ ኮምፒውተር የሚይዘው እሱ ነው። ምን አድርገኸው ነው ባክህ አለኝ። ምኑን? ሲስተሙን ነዋ፤ ዛሬ እንደ ወፍ ይበራል እኮ፤ ማንንም አይጠይቅም፤ ክሊኒኮቹ እየደወሉ አላህ ይስጠው እያሉህ ነው። እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ ምን ልበለው? ምርቃቱን ግን ተቀበልኩ።

መብራት ሲመጣ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ለምን መልሰህ አበላሸኸው ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ። የወልቂጤ መብራት ሲጠፋ ቡኢና ቆሼ ደስታ ነው። አንዳንዱ ሪፖርቱን ይዞ፣ ወልቂጤ መብራት አለ እንዴ ብሎ ይደውልልኛል። አለ ስለው፣ እንግዲህ ሌላ ቀን ይላል።

አንድ ነገር ሲበራ የሚበላሽ፣ ሲጠፋ የሚሠራ ከሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። ቁጭ አልኩ። ለማሰብ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ሰርቨሩ ወደተገዛበት ስብሰባ መመለስ ነበረብኝ።

ያኔ ቦርዱ አንድ ሰርቨር ይገዛ ብሎ ተሰበሰበ። የት ይቀመጥ? ወልቂጤዎቹ ወልቂጤ አሉ። ቡታጅራዎቹ ደግሞ ወልቂጤ ምን ስላላት ነው አሉ። ማንም ማንንም አላስቀየመም፤ ሁሉም በትህትና ነው የተናገረው፤ ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናገሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ልጆቼ አንድ ነገር ለሁለት አይቆረጥም፣ ሁለት ግዙና እኩል ሁኑ አሉ። ተጨበጨበ። አንዱ ወልቂጤ፣ አንዱ ቡታጅራ ተተከለ። ሲስተሙን የሸጠልን የአዲስ አበባ ድርጅትም ደስ አለው፤ አንድ ሊሸጥ መጥቶ ሁለት ሸጠ። ከፊት ለፊታቸው ደግሞ ሥራውን እኩል የሚያካፍል አንድ ነገር ገጠመ። በሙያው ሎድ ባላንሰር ይባላል። እኔ ተራ አስከባሪ ነው የምለው።

መናኸሪያ ገብተህ ታውቃለህ አይደል? ተራ አስከባሪው አንዱን ተሳፋሪ ወደዚህ መኪና፣ አንዱን ወደዚያ ይገፋል። ጥሩ። አንተ አንደኛው መኪና ላይ ወጣህ እንበል፤ ለረዳቱ ከፈልክ፤ ረዳቱም ፊትህን ያዘ። ውሃ ልትገዛ ወርደህ ስትመለስ ተራ አስከባሪው ወደ ሌላኛው መኪና ይገፋሃል። እዚያ ያለው ረዳት ሒሳብ ይልሃል። ከፍያለሁ እኮ ትለዋለህ። ለማን? ለዚያኛው። እኔ ያኛውን አላውቅም። የእኛ ሲስተም ይኼው ነው። በእያንዳንዱ ንክኪ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ይወጣል። ወልቂጤ ያለው ሰርቨር ፓስዎርድህን አይቶ በራሱ ማኅተም የታተመ የይለፍ ወረቀት ይሰጥሃል። ቡታጅራ ያለው ያንን ማኅተም አያውቀውም። እባክዎ እንደገና ይግቡ። ቡታጅራ አዲስ ወረቀት ይሰጥሃል፤ ቀጥሎ ወልቂጤ ትደርሳለህ፤ ወልቂጤ የቡታጅራን ማኅተም አያውቅም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሻጩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ማኅተም እንዲይዙ ማድረግ ሲገባው አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ተክሎ፣ ተጋብዞ፣ ተመርቆ ሄዷል። የወልቂጤ መብራት ሲጠፋ ግን መኪናው አንድ ብቻ ነው። ረዳቱም አንድ ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ምክንያቱን ማግኘቴ አስደሰተኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ለማረጋገጥ ያህል ክሊኒኮቹን አንድ በአንድ ልጠይቅ ብዬ ቆሼ ደወልኩ። ደስታዬ እዚያ ድረስ ነበር።

ሲስተር ነስራ ቢስሚላህ ብላ አነሳች። ሲስተሙ አንቺንም ደጋግሞ ይጠይቅሻል ወይ አልኳት።  በሯን ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ስንት ልጻፍለት?» አለችኝ።

ለማን አልኳት። ለሲስተሙ አለች። አልገባኝም። አብራራችልኝ። ሲስተር ነስራ እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሪፖርት በወረቀት በሚላክበት መሥሪያ ቤት ነው የሠራችው። ያኔ፣ አለችኝ፣ የላክሽው ቁጥር ከበላይ ሰው ሐሳብ ጋር ካልገጠመ ይመለሳል። ጠርዙ ላይ «እንደገና ይታይ» ተብሎ ይመለሳል። ማንም ቀንሺ አይልሽም። እንደገና ይታይ ብቻ ነው። ትንሽ ቀንሰሽ ትልኪያለሽ፤ ይመለሳል። ደግሞ ቀንሰሽ ትልኪያለሽ፤ ሳይመለስ እዚያው ይቀራል። የቀረው ቁጥር ትክክለኛው ነው ማለት ነው። ሪፖርት መጻፍ የተማርኩት እንዲህ ነው አለችኝ። በምሬትም አይደለም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የምታወራው።

ከዚያ የእኛ ማሽን መጣ። ሲስተር ነስራ የወባ በሽተኞቿን ቁጥር ጽፋ አስገባ ትላለች። ማሽኑ ይመልስላታል፤ እባክዎ እንደገና ይግቡ። የጻፈችው ቁጥር ጠፍቷል። ምን ታስብ? የአረቅጡ ሰው ሰላምታ መስሎት መለሰ። እሷ ግን ይኼን ቃል ታውቀዋለች። አልተቀበሉኝም ማለት ነው አለች። ትንሽ ቀነሰች። እንደገና ይግቡ። ደግሞ ቀነሰች። ተራ አስከባሪው በአጋጣሚ ሁለት ጊዜ ወደ አንድ መኪና ሲገፋት ቁጥሩ ያልፋል፤ የሚያልፈው ደግሞ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሳትቀንስ ደግማ ሞክራ አታውቅም። በሚቀጥለው ወር ካለፈላት ቁጥር ነው የምትጀምረው። ሲመልስላት ከዚያም ትቀንሳለች። ለአቶ ክፍሌ እየቀነሰ የሚታያቸው ወባ ይኼ ነው።

ለምን አልደወልሽም አልኳት። ምን ብዬ አለች። አታምኑኝም ወይ ብዬ ልጠይቅ? ነውር ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጠዋት መርፌ የወጋኋቸውን ሰዎች ከሰዓት በኋላ እሰርዛቸዋለሁ፤ ስማቸውን አውቀዋለሁ ወንድሜ አለችኝ። መስጊድ ስሄድ እናቶቻቸው ሰላም ይሉኛል።

ስልኩን ዘጋሁ። አፈርኩ። በማን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም፤ ማሽኑ እኔ የሠራሁት አይደለም፤ የወረቀቱም ዘመን የእኔ አይደለም። አንድ ነገር አሰብኩ። የማያውቅህ ሰው ማን ነህ ቢልህ ስምህን ትነግረዋለህ፤ አለቀ። የሚያውቅህ ሰው፣ ያውም ነግረኸው ሳትጨርስ፣ ማን ነህ ሲልህ ግን ስምህን አይደለም የሚጠይቅህ። አላመንኩህም ነው የሚልህ። ከመካከላችን ይኼን የተረዳችው እሷ ብቻ ናት። ተሳስታ ተረዳችው እንጂ፣ ምን ማለት እንደሆነማ ከሁላችንም በላይ ገብቷታል። በእኔ ቤት የቴክኒክ ችግር ነው። በእሷ ቤት ስድብ ነው፤ ስድቡን ደግሞ ዋጥ አድርጋ ቁጥር ቀነሰች። የቆሼ ሰው ከፈለ።

ወደ አቶ ክፍሌ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የጓሮ በር ያሉትን አስታውሰው ነው መሰለኝ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። እውነተኛ ቁጥሯን ታስገባ አሉ። መኪናው ዓርብ ከሰዓት ይጫናል፤ እስከ ቀትር ሲስተሙ ላይ ያለው ነው የሚሄድላት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ወር ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ማኅተሙን አንድ ማድረግ ቀላል ነው፤ የአንዱን ቀድተህ ሌላኛው ላይ መጫን ነው። ጥያቄው የማን ወደ ማን ነው። አቶ ክፍሌ የወልቂጤው ወደ ቡታጅራ ይሂድ፤ ይኼ ምን ያነጋግራል አሉ። የቡታጅራው ኃላፊ ደግሞ የቡታጅራው ወደ ወልቂጤ ይሂድ፤ ይኼ ምን ያነጋግራል አሉ። ስለዚህ ተነጋገሩ። ለሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴ ተቀጠረ። እስከዚያ ከድርና እኔ መላ መታን፤ ዓርብ ጠዋት ሲስተር ነስራ ቁጥሯን ስታስገባ አንደኛውን ሰርቨር ለትንሽ ጊዜ እናጥፋው። አንድ መኪና፣ አንድ ረዳት። ሲስተር ነስራንም ጠዋት እውነተኛውን ቁጥር አስገቢ ብዬ ነገርኳት።

የቱን እናጥፋ? የእኔን አጠፋለሁ አልኩ። ከድር ወላሂ አይሆንም አለ፤ የእናንተ ጠፍቶ የእኛ ቢሠራ ነገ ምን ይባላል፤ የእኔን ነው የማጠፋው። ኧረ በፍጹም አልኩ። ኧረ ወላሂ አለ። ምግብ ቤት ውስጥ ሒሳብ እኔ ልክፈል የሚባባሉ ሁለት ሰዎች አይተሃል? እንደዚያ ሆንን። እሺ እሺ ተባብለን ስልኩ ተዘጋ። ማን ለማን እሺ እንዳለ ግን ግልጽ አልነበረም። እኔ ልቡን እንዳልሰብር ብዬ የእኔን አጠፋሁ። እሱም ልቤን እንዳይሰብር ብሎ የእሱን አጠፋ።

ሲስተር ነስራ ደወለች። ዛሬስ ማሻአላህ፣ ምንም አልጠየቀኝም አለች። ደስ አለኝ። ግን ደግሞ ምንም የለም፤ ነጭ ነው አለች። ከድር ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ተይዟል። ለካ እሱም እኔ ጋ እየደወለ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ እሱም ደጋግሞ ደወለ፤ ሁለታችንም ተይዟል ነው የምንባለው። ተስፋ ቆርጬ የእኔን አበራሁት። እሱም ተስፋ ቆርጦ የእሱን አበራው። ሲስተር ነስራ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ተቀይሯል። ይኸው እንደገና ይግቡ አለኝ፤ ስንት ላድርገው አለችኝ።

ምንም እንዳትቀንሺ አልኳት። ጮኼባት ነበር መሰለኝ፤ ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጅሽን አንሺ፣ ቁጥሩን እንዳትነኪው፣ ጠብቂኝ። ከዚያ ከድርን በጓደኛው ስልክ አገኘሁትና፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ቁም አልኩት፤ ምንም እንዳትነካ፤ ዛሬ አክብረኸኛል፣ በቃኝ። የእኔን አጠፋሁ።

ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሲስተር ነስራ ያየቻቸውን በሽተኞች ሁሉ፣ አንድም ሳትሰርዝ፣ ጽፋ አስገባች። ማሽኑ ዝም አለ። ይኼኛው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ሆነባት። ምንም አላለኝም፤ ገብቷል ትላለህ? ዝም ያለው ተቀይሞ እንዳይሆን አለች። በቡታጅራው በኩል ገብቼ አየሁት። ቁጥሯ ቁጭ ብሏል። አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ። ደገምኩላት። 

የማኅተሙን ነገር ሳልነግርህ እንዳልረሳ። ከድርና እኔ ኋላ የማንም ያልሆነ አዲስ ማኅተም ሠርተን ሁለቱም ላይ ጫንነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ችግሩ ተፈቷል አልን። ወልቂጤዎቹ የእነሱ የሄደ መስሏቸዋል። ቡታጅራዎቹም የእነሱ የመጣ መስሏቸዋል። የጠየቀንም የለም።

የዚያን ዓርብ ከሰዓት ግን አቶ ክፍሌ አስጠሩኝ። ግቢው ውስጥ የመድኃኒት መኪናው ሞተሩን አስነስቷል፤ ጫኞቹ የቆሼን ካርቶን ስንት እናድርግ እያሉ ይጠብቃሉ። አቶ ክፍሌ ኮምፒውተራቸው ላይ የሲስተር ነስራን ቁጥር አፍጥጠው ያያሉ። በዛ አሉኝ። ካለፈው ወር እጥፍ በላይ ነው። ትዋሻለች እያልኩ አይደለም፤ እንዳትረዳኝ እንደዚያ። ግን አሁን ይኼ ሲስተም የተጻፈለትን ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚቀበለው? አዎ አልኳቸው፤ ሲስተካከልም እንዲሁ ነው። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ቁጥር ድንገት ሲበዛ ቆም ብሎ እንደገና እንዲጠይቅ ማድረግ አይቻልም ወይ አሉኝ። ለሁሉም አይደለም፤ እንዲህ ሲበዛ ብቻ።

ስንት ጊዜ ይጠይቃት አልኳቸው።

እስክታስተካክለው ነዋ አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁት። ቀልድ የለበትም። ሐሙስ ዕለት ታሪኳን ስነግራቸው መነጽራቸውን የጠረጉት ሰው ናቸው። አሁንም የቢሮ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት፤ ተንኮል የላቸውም። እኔ ተናደድኩ፤ ግን መናደዴን ዋጥኩት። ማሽኑ እንዲህ ዓይነት ነገር አይችልም አልኳቸው። ይችላል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። አይችልም ብዬ ግን አልተውኩትም። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፤ የሲስተር ነስራን ስም አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ማሽኑ ባይችል እርስዎ ይችላሉ አልኳቸው፤ ይደውሉና፣ ያየሻቸውን ሰዎች አላመንኩሽም፣ ቀንሺልኝ ይበሏት።

አቶ ክፍሌ ስልኩን አነሱት። ስሟን አዩት። አውራ ጣታቸው መደወያው ላይ ቆየ። ከግቢው ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ስልኩን ቀስ ብለው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በመስኮቱ ወደ ጫኞቹ እጃቸውን አወዛወዙ።

«በቃ ይሂድላት» አሉ።